በሩን ማንም ሳይነካው

ፈሪ ነኝ። ትሑት ለመምሰል የምለው አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ጆሃንስበርግ እንደገባሁ ታላቅ ወንድሜ ያስያዘኝ ሥራ ሎኬሽን ውስጥ ከከፈታት ስፓዛ ቁጭ ብሎ መሸጥ ነበር። ሎኬሽን የምንለው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የጥቁሮች መንደር ነው፤ ስፓዛ ደግሞ እዚያ ያለችዋ ትንሽዬ ሱቅ። ደንበኛ የሚገዛው በፍርግርግ ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ነው። እጅ በገባ ቁጥር ሽጉጥ እየመሰለኝ ወደ ኋላ እዘላለሁ። ዳቦ ሊገዙ የመጡት ይስቁብኛል። ወንድሜ ታገሰኝ፣ ታገሰኝና «አንተን ለዚህ አልፈጠረህም» ብሎ ከተማው መሐል ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ስልክና ኮምፒውተር ከሚጠግን ያገራችን ሰው ዘንድ አስገባኝ። እዚያ ዳንኩ። ማሽን አያስፈራም ብዬ አስብ ነበር።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ ይኸው ወንድሜ ነው። ያስተማረኝም፣ እዚህ ድረስ ያስመጣኝም እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ነገር የማያበዛ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ሲፈራ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው፤ የሁለታችንንም ፍርሃት እኔ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ መሰለኝ።

ዓመታት ሲያልፉ የአገሬ ልጆች ሱቅ ውስጥ ካሜራና ኮምፒውተር የምተክለው እኔ ሆንኩ። በኋላ በሩም ተጨመረ። ዘራፊ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁልፍ ነው። ቁልፍ የያዘ ይደበደባል፤ ያልያዘም «ደብቀሃል» ተብሎ ይደበደባል። ስለዚህ ሰዎቻችን ቁልፍ የሌለው በር አማራቸው። የብረቱን በር ከውስጥ ማግኔት ይዞ ያቆየዋል። ማግኔቱን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። ባለሱቁ የመጣውን ሰው ፊት በካሜራ አይቶ፣ ካመነው ባንኮኒው ሥር ያለችውን በተን ተጭኖ ይከፍትለታል። መብራት ቢጠፋ ባትሪ አለ። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ማግኔቱ ይለቃል። ማሽኑ ነፍስ እስኪዘራ ድረስ በሩን የገፋው ሁሉ ይገባል።

ኮምፒውተር ደግሞ ጠፍቶ ሳይነሣ አይኖርም። በየጊዜው አፕዴት፣ ማለትም ከሠሪዎቹ የሚላክ ማሻሻያ፣ ይመጣለታል። ያንን ሳይጭኑ መተው በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው፤ ካሜራውን ከሩቅ ሆኖ የሚያይብህ ሌባም አለ። መጀመሪያ አፕዴቱን በፍላሽ ይዤ፣ በታክሲ ተጋፍቼ ከሎኬሽን ሎኬሽን እዞር ነበር። እያንዳንዱ ጉዞ ዕድሜዬን ይቀንሰዋል። ታክሲው ባልጠበቅኩት መንገድ ከታጠፈ የበሩን እጀታ እይዛለሁ። ስደርስ ደግሞ ባለሱቁ «አሁን? ሰልፍ አይታይህም?» ብሎ ይቆጣኛል። እናንተው አውርዱት ብላቸው አንዱ የገዛውን ዳታ በሙሉ ጨርሶ ይደውልልኛል፣ ሌላው ያልሆነ ነገር ተጭኖ ካሜራውን ያጠፋዋል።

በመጨረሻ ስክሪፕት ጻፍኩ። ስክሪፕት ማለት ለማሽን የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፤ አውርድ፣ አረጋግጥ፣ ጫን፣ ጠፍተህ ተነሣ ትለዋለህ። ዱርንፎንቴን ክፍሌ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አፕዴቱን ከሠሪዎቹ አንዴ ያወርዳል፤ የየሱቁ ኮምፒውተር ከእኔ ይወስድና በራሱ ይጭናል። «ቀጥል» የሚለውን የሚጫን ጣት አይፈልግም፤ ማንንም አይጠይቅም። ሰዉ ጎበዝ አለኝ። እኔ ግን የጻፍኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሎኬሽን መሄድ ስለፈራሁ ነው።

የቀረው መቼ ይሁን የሚለው ነበር። ይህን ለመወሰን ብዙ አላሰብኩም። እኛ የደቡብ ኢትዮጵያ ልጆች ከጸሎት ቤት አንቀርም። ሌላው ባለሱቅ እሑድን ገበያ አለበት ብሎ ሲከፍት የእኛ ሰው ይዘጋል። ከሳምንቱ ሁሉ ሰው የማይገኝበት ሰዓት ያ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን እዚያው ይሸጣል፣ እዚያው ያበስላል፣ እዚያው ያድራል። እሑድ ጠዋት ሲወጣ በብረቱ በር ላይ ከውጭ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ያንጠለጥልበታል። ማግኔቱ ቢለቅ ባይለቅ ያኔ ግድ የለም። ስለዚህ ስክሪፕቱን እሑድ ጠዋት፣ ስብከቱ መሐል ላይ እንዲነሣ አደረግኩት። እሑድ ጠዋት ሐበሻ ሱቁ ውስጥ አይገኝም። ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያህል እርግጠኛ ነበርኩ።

ይህ ነገር የሆነበት ሳምንት ከመጀመሪያውም ጥሩ አልነበረም። «የውጭ አገር ሰው ሱቅ ይዘጋ» የሚል መልእክት በየስልኩ ይዞር ነበር። እንዲህ ዓይነት ወሬ በየጊዜው ይመጣል፣ ይሄዳል። ለወንድሜ ደውዬ «ጋሼ፣ ለጥቂት ቀን ዘግተህ ና» ስለው ሳቀብኝ። «አንተ እኮ የታክሲ ጡሩምባም ያስደነግጥሃል» አለኝ። ዓርብ ዕለት ትልቅ አፕዴት መጣ። ክፍሌ ያለው ኮምፒውተር አወረደው፤ በዓይኔ አይቼ ደስ አለኝ።

እሑድ ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር ለጸሎት ከምንከራየው አዳራሽ ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ከወትሮው ሳሳ ያለ ነበር። መዝሙሩ እንዳለቀ የወንድሜ ሚስት ከፊት ተነሥታ፣ ሰዉን እያቋረጠች መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እትዬ ነው የምላት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼህ ቀርቷል» አለችኝ በጆሮዬ።

«የት ቀረ?»

«ሱቁ ነዋ! ትናንት ዕቃ ገብቶለት፣ በዚህ ወሬ መሐል ትቼው አልመጣም ብሎ እዚያው ነው። አሁን ይሄን ላከልኝ።»

ስልኳን አቀበለችኝ። ወንድሜ የጻፈው እንዲህ ይላል፤ «ከላይኛው መንገድ እየሰበሩ እየወረዱ ነው። መብራት አጥፍቻለሁ። ከዱቄቱ ኋላ ተኝቻለሁ። ሰው ያለ አልመሰላቸውም። እንዳትደውሉ፣ ስልኩን ዘግቻለሁ። ጸልዩ።»

መጀመሪያ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነበር። እሑድ ስለሆነ ሐበሻ ጸሎት ላይ ነው ብለው ያልፉታል፤ ዝም ካለ ይተርፋል አልኩ። እትዬ «ለሽማግሌዎቹ ልንገራቸው፣ ይጸለይለት» ብላ ተነሣች። ዓይኔ ከመድረኩ በላይ ያለው የግድግዳ ሰዓት ላይ ያረፈው ያኔ ነው። ክው አልኩ። ሰባኪው መጽሐፉን እየገለጠ ነበር።

ወንድሜ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ ጓጉንቸር ቁልፉ የለም። በእሱና በእነዚያ ሰዎች መሐል ያለው ማግኔቱ ብቻ ነው። ማግኔቱን ደግሞ አሁን፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው እኔ የጻፍኩት ስክሪፕት ይለቀዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉት ነገር ደረሰብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌባ ስፈራ፣ ቀማኛ ስፈራ፣ ሕዝብ ስፈራ ኖሬ፣ ወንድሜን የሚያስገድልብኝ የገዛ እጄ ሥራ ሆኖ ቁጭ አለ።

ልደውልለት አልችልም፤ ስልኩ ዝግ ነው። ክፍት ቢሆንም ጥሪው ጮኾ ያጋልጠዋል። ከስልኬ ሆኜ ማሽኑን ላስቆመው አልችልም፤ ሌባ እንዳይገባበት ብዬ ከክፍሌ ኮምፒውተር በቀር ማንም እንዳይደርስበት ዘግቼዋለሁ። ያም ፍርሃቴ ነው። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ ዱርንፎንቴን ደርሼ ያንን አፕዴት ከኮምፒውተሬ ማጥፋት። የሱቁ ማሽን መጥቶ የሚወስደው ካጣ አይጭንም፤ ካልጫነ አይጠፋም፤ ካልጠፋ በሩ ይይዛል።

ተነሥቼ ሮጥኩ። እትዬ «ወዴት ነው?» ስትል ሰምቻታለሁ። ምን ብዬ ልንገራት? የጻፍኩት ስክሪፕት በባልሽ ላይ በሩን ሊከፍትበት ነው ልበላት?

ከትሮይቪል ዱርንፎንቴን በእግር ሩቅ አይደለም፤ ሁልጊዜ የምሄድበት መንገድ ነው። ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። የቅዳሜ ምሽት የጠርሙስ ስባሪ አስፋልቱን ሞልቶታል። የቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ያንሸራትተኛል። እዚህ ከተማ የሚሮጥ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ የተዘረፈ ነው፤ የሚያየኝ ሁሉ መጀመሪያ ከመንገዴ ገለል ይላል፣ ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን ይፈልጋል። አንድ የሕንፃ ዘበኛ ዱላውን አንሥቶ በእንግሊዝኛ «ብራዘር፣ ማነው የሚያባርርህ?» አለኝ። ሳልቆም አልፌው ሮጥኩ። በሐሳቤ ወንድሜ ከዱቄቱ ኋላ ተኝቶ ይታየኛል፤ በሩ ቀስ ብሎ ሲከፈት ቀና ብሎ ሲያየው ይታየኛል። «ጌታ ሆይ፣ ሰዓቱን አቁመው» እላለሁ። ደግሞ ጥሩ ስክሪፕት ስለጻፍኩ ሰዓቱን እንደማይስት አውቃለሁ። ከዚህ በፊት አንድ እሑድ እንኳ ዘግይቶ አያውቅም።

የምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ስደርስ ጎኔን ወጋኝ። ብረቱን ይዤ ትንፋሼን እስክሰበስብ ቆምኩ። ከዚያ እየተሳብኩ ወጣሁ። የክፍሌ በር ላይ ደግሞ ቁልፉ አልገባ አለኝ፤ ብረቱን ይጭረዋል። በሁለት እጄ ይዤ ነው የከፈትኩት።

ኮምፒውተሩ ቁጭ በምልበት ወንበር ፊት እንደ ወትሮው በርቷል። የየሱቁ ስም ተደርድሮ ከጎኑ የሆነው ይጻፋል። ስክሪፕቱን የሠራሁ ሰሞን ደስ ብሎኝ ስለነበር፣ ጭኖ ሲጨርስ የሚጽፈውን ቃል በቀልድ በአማርኛ ነበር ያስገባሁት። በወንድሜ ሱቅ ስም አጠገብ ያ ቃል ቆሟል፤ «ተጭኗል። ማንንም አላስቸገርኩም።»

ካሜራውን ከፈትኩ። ጥቁር ነው። ማሽኑ ገና እየተነሣ ነው ማለት ነው። በሩ በዚህች ሰዓት ክፍት ነው ማለት ነው። ካሜራው እስኪመጣ ደጋግሜ እከፍተዋለሁ። አንዴ እንዳይመጣ እመኛለሁ፣ አንዴ ደግሞ ቶሎ ና እለዋለሁ።

መጣ። የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ሴትም ወንድም አለበት፤ ለስላሳ መጠጥ በሣጥን የተሸከመ፣ ዘይት በሁለት እጁ ያንጠለጠለ፣ ማቀዝቀዣውን ለሦስት የሚገፋ። ድምፅ የለውም። አንዲት ሴት ልጅዋን አዝላ ሳሙና ትመርጣለች፤ እንደ ማንኛውም ቀን ሽታውን እያየች ነበር የምትመርጠው። ዓይኔ እሷን ትቶ ወደ ዱቄቱ ሄደ። የበቆሎ ዱቄቱን ከረጢት አንድ በአንድ እያነሡ ይወስዳሉ። ቁልሉ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። አሁን ያዩታል፣ አሁን ያዩታል እላለሁ። የመጨረሻው ከረጢት ተነሣ። ከኋላው ማንም አልነበረም። ወለሉ ላይ የወንድሜ ጃኬት ብቻ ተዘርግቷል።

ጎትተው አውጥተውታል አልኩ። ውጭ ምን እንዳደረጉት ለማየት የበሩን ካሜራ ስከፍት የሰው መዳፍ ሸፈነው፤ ከዚያ ሁሉም ጠፋ።

እትዬ ስትደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ተከትላኝ ኖሯል የሮጠችው፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። «ምን አየህ?» አለችኝ። ወደ ጠፋው ካሜራ ጠቆምኳት። «ንገረኝ እንጂ፣ ምን አየህ?» ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና አጠገቤ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ጣራውን ታያለች። ያን ያህል የፈራሁበት ጊዜ በሕይወቴ የለም፤ አሁን ስጽፈው እንኳ መዳፌን ያልበኛል።

ስልኳ ሲጠራ የማናውቀው ቁጥር ነበር። እሷ ልታነሣው አልቻለችም፤ እኔ አነሣሁት።

«አለሁ» አለኝ ወንድሜ። «ከሎኬሽኑ ወጥቻለሁ፤ ኮዝሞ ሲቲ ነኝ፤ ያገራችን ሰው ሱቅ። እሷን ስጠኝ።»

ከሰዓት በኋላ መኪና ያለው ሰው አመጣልን። የእሱና የእትዬ ቤት ያለበት ትሮይቪል መግባቱ ለጊዜው ጥሩ አይደለም ስለተባለ እኔ ክፍል ነው ያረፈው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ሰው እግር በእግር ይመጣ ጀመር። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ የታሸገ ውሃ ይዞ ይገባል። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» እያለ አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የኮምፒውተር ሣጥን ላይ ይቀመጣል። እኔ ጥግ ይዤ እሱን ብቻ አያለሁ። አንድ ጉንጩ ላይ ዱቄት አለበት። ማንም አልነገረውም።

«እንዴት ወጣህ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«ተኝቼ ነበር» አለ። «ውጭ ይጮኻሉ፤ በሩን በዲንጋይ ይመታሉ፤ ያዘ። አልፈው ሊሄዱ ነው ስል ማግኔቱ ቷ ብሎ ለቀቀ። እኔ እንደሆንኩ አልነካሁትም። ተከፍቶ ካገኙኝማ እንደ አይጥ ከዱቄት ኋላ ነው የሚገድሉኝ ብዬ ተነሣሁ። ጃኬቴን ጣልኩ፣ እጄን ወደ ላይ አድርጌ እኔው ቀድሜያቸው ወጣሁ። ደነገጡ እኮ! ለካ እነሱም ይፈራሉ። ሁሌ የስልክ ካርድ የሚገዛኝ ሰውዬ አለ፤ እሱ ነው በዙሉ ቋንቋ ‹ሃምባ! ሃምባ!› ብሎ የጮኸብኝ። ሂድ ማለቱ ነው። መሐላቸውን አልፌ ሄድኩ።»

«ባይከፈትስ?» አሉት።

«ከእኔ በላይ ሁለት ቤት አልፎ ያለውን ያገራችንን ልጅ ሱቅ ታውቁት አይደል?» አለ ወንድሜ። ልጁም እዚያው መሐላችን ተቀምጦ ነበር፤ ጠዋት ጸሎት ቤት የነበረ ነው። የእሱ በር ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አልሰበር ሲላቸው ተናደዱ። ቤንዚን ጣራው ላይ ረጭተው አቃጠሉት። ያልተከፈተላቸውን ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረጉት። «እኔ ደግሞ» አለ ወንድሜ፣ «ካልተከፈተ አልወጣም ነበር። ጭሱ ቢሸተኝም ሌላ ቤት ነው ብዬ እተኛለሁ። ጌታ በገዛ እጁ ከፈተልኝ።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

እትዬ ያኔ ነው ወደ እኔ የዞረችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ያበራል። «ይኼኛውንስ አታመሰግኑም?» አለች። «ገና መልእክቱን ሲያይ ነው ከጸሎት መሐል ብድግ ብሎ የበረረው። እዚህ ኮምፒውተሩ ዘንድ ለመድረስ ሲሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሳንባው ሊፈነዳ! በሩን ሊከፍትለት ነው የሮጠው!»

ሁሉም ወደ ጥጉ ዞሩ። «ተባረክ!» አሉኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ወንድሜ ብድግ አለና ሰዉን ተራምዶ መጥቶ አቀፈኝ። «አንተ ነህ እንዴ? ፈሪው? እኔ ማን ከፈተው እላለሁ» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ያን ደረጃ ሳልቆም ብወጣው ኖሮ በሩ እንደተዘጋ እዚያው በተቃጠለ እያልኩ አስብ ነበር።

«ጋሼ» አልኩት በጆሮው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ልዘጋው ነበር የሮጥኩት።»

መጀመሪያ አልገባውም መሰለኝ። ከዚያ ትንፋሹ ቆም ሲል እንደገባው አወቅኩ። ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይበልጥ አጥብቆ ያዘኝ።

«እንኳንም አልደረስክ» አለኝ።

ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። ጀርባዬ ላይ ያለው እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።